ለዲፈረንሻላችሁ ትክክለኛውን ኦይል ሲል እንዴት ታገኛላችሁ?

ኦይል ሲል የሚሽከረከር ዘንግ ከቤቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዝ ባለ ላስቲክ ቀለበት ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የሃይሉክስ የዲፈረንሻል ሲል አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ «አለ» ነው። የትኛው ሃይሉክስ? የፊቱ ዲፈረንሻል ነው የኋላው? በፕሮፔለሩ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ በሚመጣው ረጅም ዘንግ) በኩል ያለው ነው በጎማው በኩል? ይህን ካልተጠየቃችሁና እናንተም ካልተናገራችሁ፣ የሚሰጣችሁ ሲል ልክ ቢመጣ በዕድል ነው። ሲል በመኪና ስም አይገዛም። በልክና በቁጥር ነው የሚገዛው። ደግሞም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሲሉ የሚያርፍበትን ብረት በዓይንና በጥፍር መፈተሽ አለባችሁ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ለሲሉ ዋጋ ብዬ አይደለም። ሲሉ ከሥራው ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። የሚከብደው ፕሮፔለር አውርዶ፣ ፍላንጅ ነቅሎ፣ ዘይት ደፍቶ፣ ሁሉንም መልሶ ከገጠሙ በኋላ በሳምንቱ እንደገና ሲንጠባጠብ ማየት ነው። የሕይወት ጉዳይም አለበት። በጎማው በኩል ያለው ሲል ሲያፈስ ዘይቱ ታምቡር ውስጥ ይገባና የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ይዞ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል መውረድን ለማንም አልመኝም።

መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ እርግጠኛ ሁኑ

ብዙ ሰው መኪናው ሥር ጠብታ ሲያይ ቀጥታ ሲል ፍለጋ ይወጣል። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ስትነዱ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከካምቢዮው ጀርባ የወጣ ዘይት በፕሮፔለሩ ላይ እየተረጨ እስከ ዲፈረንሻሉ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን በናፍጣና በብሩሽ በደንብ እጠቡት፣ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ደርሳችሁ ተመለሱ። ፓውደሩ ላይ መጀመሪያ የረጠበው ቦታ መልሱን ይሰጣችኋል።

ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት ፍላንጅ ዙሪያ ከረጠበ የፒኒየን፣ ማለትም ጉልበቱን ከፕሮፔለሩ ተቀብሎ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ሲል ነው። የጎማው ውስጠኛ ጎን ወይም የታምቡሩ ጀርባ ከረጠበ የአክስል፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሲል ነው። የዲፈረንሻሉ ሆድ ዙሪያ፣ ቡሎኖቹ በተደረደሩበት መስመር ላይ ከሆነ ጋስኬቱ ነው። ከታች ከመድፊያው ቡሎን ከሆነ ደግሞ ሮንዴላዋን መቀየር ይበቃል፤ ለዚህ ሲል አያስፈልግም።

ሽታውም ይረዳችኋል። የዲፈረንሻል ዘይት ሰልፈር ስላለበት ይሰነፍጣል፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። በጎማ በኩል የምታዩት እርጥበት ቀጭንና ይህ ሽታ የሌለው ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ጥገና ነው፣ ለነገ የሚባልም አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ መካኒክ ሳይነካው የሚያልፈው ነገር፦ መተንፈሻው። በዲፈረንሻሉ ወይም በአክስሉ ቤት አናት ላይ ትንሽ ክዳን ያለው መተንፈሻ አለ፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ቱቦ ተቀጥሎለት ወደ ላይ ይወጣል። ዲፈረንሻል ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ መውጫ ይፈልጋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ የሚያገኘው ደካማ በር የሲሉ ከንፈር ነው፤ ሲወጣም ዘይቱን ይዞት ይወጣል። እንዲህ ከሆነ የፈለጋችሁትን ኦርጅናል ብትገጥሙ ማፍሰሱ አይቀርም። የተገላቢጦሹም አለ። በክረምት ጎርፍ የሞላው መንገድ ላይ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በደካማው ሲል ወይም በመተንፈሻው ይስባል። ዘይቱን ስትደፉ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ያኔ ሲሉን ብቻ ቀይራችሁ አትዝጉት፤ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለውጡ፣ ኩሽኔታዎቹንም አስፈትሹ።

ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ያስፈስሳል። በአብዛኛው ዲፈረንሻል ላይ ልኩ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ አይጨመርም።

የትኛውን ሲል ነው የምትፈልጉት?

ቪትዝ፣ ያሪስና በከተማችን የሚዞሩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ ዲፈረንሻላቸው ካምቢዮው ውስጥ ነው። በእነሱ ላይ የፒኒየን ሲል ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም። የሚያፈሰው በግራና በቀኝ የጎማዎቹ ዘንጎች ካምቢዮው ውስጥ የሚገቡበት ሲል ነው፤ ሱቅ ላይ «የካምቢዮ አክስል ሲል» ብትሉ ይገባቸዋል። ግራና ቀኙ በልክ ሊለያዩ ይችላሉ። የማንዋሉና የአውቶማቲኩም እንደዚሁ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ጎን፣ የትኛው ካምቢዮ እንደሆነ ይዛችሁ ሂዱ።

በኋላ ጎማ የሚነዱት፣ ማለትም ሃይሉክስ፣ ሚኒባሶቹ፣ ላዳ፣ የድሮ ኮሮላ፣ ከፊት አንድ የፒኒየን ሲል፣ ከዚያ በግራና በቀኝ የአክስል ሲል አላቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በአንዳንድ የኋላ አክስሎች ላይ በአንድ ጎን ሁለት ሲል አለ፤ አንዱ ውስጥ ሆኖ የዲፈረንሻሉን ዘይት የሚይዝ፣ ሌላው ወደ ውጭ ኩሽኔታው ጋ የሚቀመጥ። አክስሉ ከወጣ አይቀር ሁለቱንም ግዙ። ለአንዷ ሲል ሁለት ጊዜ የእጅ ሥራ መክፈል ተገቢ አይደለም።

በአራቱም ጎማ የሚነዱት የፊት ዲፈረንሻልም ስላላቸው ሌላ ሦስት ሲል ይጨመራል። የፊቱ ግራና ቀኝ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ቁጥሩን ማግኘት

የተሻለው መንገድ መኪናው ሳይፈታ ቁጥሩን ማግኘት ነው። ሊብሬያችሁ ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ። ግን ከሊብሬው ብቻ አትገልብጡ፤ መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አመሳክሩት። ቁጥሩን አስገብታችሁ የመለዋወጫ ቁጥር የሚያወጡ የቶዮታ ካታሎጎች ኢንተርኔት ላይ አሉ። የመኪናው ወኪል ጋ ብትሄዱም በሻንሲ ቁጥር ይፈልጉላችኋል። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና ሻንሲው 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ለጃፓን ለራሷ ተሠርቶ በዱባይ በኩል መሪው ዞሮ የገባ ከሆነ ግን አጠር ይላል፤ መጀመሪያ የሞዴል ኮድ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር። የመጀመሪያው ቪትዝ ለምሳሌ «ኤስሲፒ10» ብሎ ይጀምራል። ይህን አጭር ቁጥር የሌላ አገር ካታሎግ አይቀበለውም፤ የጃፓኑን ገበያ መርጣችሁ ፈልጉ።

በኮፋኖው ሥር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ትንሽ የብረት ሰሌዳም ይጠቅማል። ቶዮታ እዚያ ላይ የአክስል ኮድ ይጽፋል። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት ፒክአፖች የተለያየ መጠን ያለው ዲፈረንሻል ሊኖራቸው ስለሚችል ያ ኮድ ክርክር ይዘጋል። የሰሌዳውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ለሲል ብቻ አይደለም፣ ለብዙ ነገር ያስፈልጋችኋል።

ቶዮታ የሚነዳ ሁሉ ይህችን ቢይዛት ደስ ይለኛል፦ 90310፣ 90311 እና 90313 ብለው የሚጀምሩ የመለዋወጫ ቁጥሮች የኦይል ሲል ናቸው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ሲሉ የሚያቅፈው ዘንግ ልክ ነው። 90311-38 ብሎ ከጀመረ 38 ሚሊሜትር፣ 90311-47 ከሆነ 47 ሚሊሜትር። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች መለያ ብቻ ናቸው፤ የውጭውን ልክም ሆነ ውፍረቱን አይነግሯችሁም። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ያው ነው፣ የመጨረሻዋ ብቻ ናት የምትለየው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። የመጨረሻዋ አሃዝ ግራን ከቀኝ የምትለይ ልትሆን ትችላለች።

ላዳ ለሚነዱ ነገሩ ቀላል ነው። የድሮዎቹ ከኋላ የሚነዱ ላዳዎች ከ2101 እስከ 2107 ድረስ አንድ ዓይነት የኋላ ሲል ነው የሚጠቀሙት። የፒኒየኑ 2101-2402052፣ የአክስሉ ደግሞ 2101-2401034 ነው።

ካታሎግ ላይ ካልተገኘ ወደ አሮጌው ሲል እንሄዳለን። መካኒኩ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ሲያወጣው መጣመሙ አይቀርም፤ ቢሆንም አትጣሉት። ፊቱን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጥረጉና የስልክ መብራት ከጎን አግድማችሁ እያበራችሁ አንብቡት። 38 74 11 የሚል ብታገኙ የመጀመሪያው የዘንጉ፣ ሁለተኛው የውጭው፣ ሦስተኛው የውፍረቱ ሚሊሜትር ነው። መጨረሻው 11/17 በሚል ዓይነት ከተጻፈ 11 የሲሉ አካል ውፍረት ሲሆን 17 ከተጨማሪ ከንፈሮቹ ጋር ያለው ጠቅላላ ቁመት ነው። እነዚያ ተጨማሪ ከንፈሮች ጭቃ የሚከላከሉ ናቸው። 11 ብቻ የሆነውን ብትገዙ ይገጥማል፣ ዘይትም ይይዛል፤ አቧራና ጭቃ ግን እንደ ልብ ይገባል። ለእኛ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የወጣው ሲል ራሱ ትክክለኛው ላይሆን እንደሚችልም አትርሱ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን አስገጥሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲሉ ላይ ያነበባችሁትን በካሊፐር አረጋግጡ። ስትለኩ ደግሞ የሲሉን ከንፈር አትለኩ! ከንፈሩ ዘንጉን ጨምድዶ እንዲይዝ ሆን ተብሎ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ያልተገጠመ ሲል ስትለኩ ከዘንጉ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ አንሶ ታገኙታላችሁ። በውጭ በኩል ደግሞ ቤቱ ውስጥ ተጨንቆ እንዲቀመጥ በጥቂቱ ሰፋ ይላል፤ 74.2 ብታነቡ 74 ነው ማለት ነው። ልክ የሚሆነው ዘንጉን፣ ማለትም ሲሉ የሚያርፍበትን ልሙጥ የፍላንጅ አንገት፣ መለካት ነው። ከዚያ ሲሉ የሚቀመጥበትን ቤት። ጥልቀቱንም ለኩ። ከአሮጌው ትንሽ የሳሳ ሲል ሊያስኬድ ይችላል። የወፈረ ግን ከኋላው ያለውን የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ሊደፍን ወይም ከሚሽከረከር ብረት ጋር ሊነካካ ስለሚችል አይሆንም።

የዘንጉን አንገት በጥፍር

ዝም ብሎ ሲል እየቀየረ የሚመላለስ ሰው ሳይ የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ሲል ለብቻው ሥራ አይሠራም። የላስቲክ ከንፈሩ የሚያርፈው የሚሽከረከር ብረት ላይ ነው፤ ያ ብረት ከብዙ ዓመት በኋላ ከንፈሩ በሚያርፍበት መስመር ላይ ይበላል። በመካከሉ የገባ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ፍላንጁን ጠርጋችሁ ጥፍራችሁን በአንገቱ ላይ አግድማችሁ ጎትቱ። መስመሩ ቢታይም ጥፍር ካልያዘ ግድ የለም። ጥፍር ከያዘ አዲስ ሲል ብቻውን አያድናችሁም።

ያኔ አማራጮቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ፍላንጁን መቀየር። ሲል አሮጌ አይገዛም፤ ፍላንጅ ግን ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ደህና ሊገኝ ይችላል፣ አንገቱን በጥፍር ፈትናችሁ ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት እጅጌ አለ፤ በተበላው አንገት ላይ ይጠልቃል፣ በጣም ስስ ስለሆነም የሲሉን ልክ አያስቀይርም። ኤስኬኤፍ ይሠራዋል፤ ካገኛችሁት ግዙ። ሦስተኛ፣ ቤቱ ቦታ ካለው ሲሉን ከበፊቱ በአንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር አስጠግቶ ወይም አርቆ መግጠም፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ ያርፋል።

አራተኛው ቶርኖ ቤት ነው። አንገቱን በብየዳ ሞልተው ይቀርጹታል። ጎበዝ ባለሙያ ካገኛችሁ ይሆናል፤ ግን አንድ ነገር ንገሩት። የቶርኖ ቢላ ብረት ላይ ሲሄድ እንደ ቡሎን ጥርስ የሚዞር በጣም ስስ መስመር ይተዋል። ያ መስመር ሲሽከረከር ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል፤ ሲሉ አዲስ ሆኖ፣ ልኩም ትክክል ሆኖ ያፈስሳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱ ወደ ጎን ሳይሄድ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሊለሰልስ ይገባል። መስመሩ በአጉሊ ካልሆነ በዓይን እስከማይታይ ድረስ።

ፍላንጁን ከመንቀላችሁ በፊት ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁትም። ከላላ የፒኒየኑ ኩሽኔታ አልቋል። ዘንጉ እየዘለለ የትኛውም ከንፈር አይከተለውም፤ ኩሽኔታው ሳይቀየር ሲል መግዛት ብር መጣል ነው።

ሲሉ ላይ ያሉት ፊደሎች

ከልኩ ጎን በላቲን የተጻፉ ፊደሎች ታገኛላችሁ። የጃፓኑ ኤንኦኬ በሚጠቀምበትና ብዙዎች በሚከተሉት አጻጻፍ «ኤስ» ማለት ዘይት የሚይዝ አንድ ከንፈር ያለው፣ «ቲ» ማለት ከእሱ ሌላ የአቧራ ከንፈር የተጨመረለት ነው። ሁለተኛው ፊደል የውጭውን ይነግራል፦ «ሲ» ከሆነ ውጭው ላስቲክ የለበሰ፣ «ቢ» ከሆነ ባዶ ብረት። ስለዚህ «ቲሲ» ድርብ ከንፈር ያለውና ላስቲክ የለበሰ ነው። ለዲፈረንሻል የአቧራ ከንፈር የሌለውን አትውሰዱ። የወጣው ሲል ውጩ ብረት ከነበረና የተሰጣችሁ ላስቲክ የለበሰ ከሆነ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ቤቱ ጫርጫር ያለ ከሆነ ላስቲኩ ይሻላል።

የላስቲኩ ዓይነትም አለ። ኤንቢአር ተራው ነው፤ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ኤሲኤም የበለጠ ሙቀት ይችላል። ኤፍኬኤም፣ ብዙዎች ቫይተን የሚሉት፣ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ለከተማ አነዳድ ኤንቢአር ያስኬዳል። ዕቃ ጭኖ ዓባይ በረሃን የሚወጣ መኪና ግን ፒኒየኑ በጣም ይግላል፤ ኤሲኤም ወይም ኤፍኬኤም ብትፈልጉለት ይሻላል። ሲሊኮን ላስቲክ ለዲፈረንሻል አይሆንም፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይጎዳዋል። ቀለም አይታችሁ ግን አትወስኑ። ቡናማው ሁሉ ቫይተን አይደለም።

አሁን ወደ ግራና ቀኙ ጉዳይ ልመለስ። ብዙ የዲፈረንሻል ሲሎች ከንፈራቸው ላይ ሰያፍ የሆኑ ስስ መስመሮች አሏቸው። ዘንጉ ሲዞር ሊያመልጥ ያለውን ዘይት ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ይህ የሚሆነው ግን ዘንጉ በታሰበው አቅጣጫ ሲዞር ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፉታል። የፊት ዲፈረንሻል ግራና ቀኝ ሲሎች በልክ አንድ ሆነው በዚህ ብቻ የሚለያዩት ለዚህ ነው። ሲሉ ፊት ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ዘንጉ ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር መስማማት አለበት። መስመሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ የተሠሩ ከሆኑ ለሁለቱም ጎን ይሆናል።

ገበያው ላይ

መኪናውን ጋራዥ ትታችሁ በታክሲ ሂዱ። ተክለሃይማኖትና መርካቶ አካባቢ ማቆሚያ ፍለጋ መንከራተት ትዕግስት ያስጨርሳል፣ ትዕግስት ያለቀበት ሰው ደግሞ ያገኘውን ይገዛል። አሮጌውን ሲል፣ የሰሌዳውን ፎቶ፣ የለካችሁትን የጻፋችሁበት ወረቀትና ከተቻለ ርካሽ ካሊፐር ያዙ። ፍላንጁ ከወጣ እሱንም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ አዲሱን ሲል እዚያው አጥልቆ ከማየት የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም።

ገና ስትደርሱ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል። ገበያውን በደንብ ያውቁታል፣ ብዙዎቹም ቅን ናቸው። ግን አሮጌውን ሲል ሰጥታችሁ «አምጣልኝ» አትበሉ። ማመሳከር ያለበት የእናንተ ዓይን ነው፤ የአምጪው ድርሻም ዋጋው ላይ ይጨመራል። ሱቅ ገብታችሁ በቀጥታ ተናገሩ፦ «ወንድሜ፣ የፒኒየን ሲል ነው የምፈልገው፣ 38 በ74 በ11፣ ድርብ ከንፈር፣ ቁጥሩም ይኸውና።» እንዲህ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ይለያል። ባለሱቁም ያውቅበታል፣ ከመደርደሪያው ላይ ትክክለኛውን ሳጥን ያወርዳል።

«ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል በሳጥኑ አትመኑ፣ ዕቃውን አውጥታችሁ እዩ። ሲሉ ላይ ያለው ቁጥር ከሳጥኑ ጋር ይገጥማል? ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ? ከንፈሩን በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱት፦ ስንጥቅ፣ ትርፍ የላስቲክ ጭረት፣ እብጠት ሊኖረው አይገባም። ውስጡ ያለችው የክብ ሞላ በቦታዋ ተቀምጣለች? ከንፈሩን ጎንበስ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ላስቲኩ ደርቋል፣ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል። ሚስማር ወይም ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ሲል አትግዙ፤ የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ያ መጣመም በዓይን ባይታይም ዘይት ያወጣል።

ኦርጅናል ካልተገኘ የግድ ኮፒ ማለት አይደለም። ኤንኦኬ፣ ኮዮ፣ ኮርቴኮ በራሳቸው ስም ሲል ይሸጣሉ። ኩሽኔታ የሚሸጡ ሱቆችንም ሞክሩ፤ እነሱ ሲል የሚሸጡት በመኪና ስም ሳይሆን በልክ ነው፣ ለእህል ወፍጮም ለፓምፕም። 38 74 11 ብትሏቸው መደርደሪያውን ያውቁታል። ብቻ ከእነሱ የምታገኙት ተራው «ቲሲ» ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪው የጭቃ ከንፈርና ሰያፍ መስመሮቹ ላይኖሩት ይችላሉ። የግድ ሲሆን ያስኬዳል፣ ከኦርጅናሉ ጋር ግን እኩል አይደለም።

ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ መታተሙ የተለመደ ነው። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት «ልኩ ካልሆነ ሳይገጠም እመልሰዋለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። አብዛኛው ነጋዴ ዘይት ያልነካ ሲል ይቀይራል። ከተቻለ የፒኒየኑን ዳዶም አዲስ ግዙ፤ አንዴ ጠርዙ ተመትቶ የተቆለፈ ዳዶ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይቆለፍም።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

ስለ አገጣጠም ብዙ አልልም፣ መካኒኩ የሚያውቀው ነው። ከሁለት ሦስት ነገር ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ። የሞላዋ ጎን ወደ ዘይቱ፣ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከንፈሩ ደርቆ መግባት የለበትም፤ ግራሶ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ይቀባል። ዘንጉ ጥርስ ያለው ከሆነ ሲሉ በላዩ ከማለፉ በፊት ጥርሱ በናስትሮ ይሸፈን፣ አለበለዚያ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። መዶሻ በቀጥታ ሲሉ ላይ አያርፍም። የሲሉን የውጭ ልክ የሚያህል ቧንቧ ወይም ትልቅ ቡሶላ ተደርጎ ዙሪያውን እኩል ይገባል፣ አሮጌው እስከነበረበት ጥልቀት ድረስ።

ከሁሉም በላይ የፒኒየኑ ዳዶ። በብዙ ዲፈረንሻል ውስጥ በሁለቱ የፒኒየን ኩሽኔታዎች መካከል ሲጠብቅ የሚጨመደድ ቀለበት አለ፤ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት የሚወስነው እሱ ነው። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት በዳዶውና በዘንጉ ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግ፣ ፒኒየኑ በእጅ ሲዞር ያለው ክብደትም ይታወቅ። ሲመለስ እስከዚያው ምልክት፣ ወይም ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ይጠብቃል። «ጥብቅ ይበል» ተብሎ በረጅም ቧንቧ ከተሳበ ቀለበቱ ከልክ በላይ ይጨመደዳል፣ ኩሽኔታው ይግላል፣ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። ዳዶውን መልሶ ማላላት ይህን አያስተካክልም፤ አዲስ ቀለበት ያስፈልጋል።

ዘይቱን መጽሐፉ የሚለውን ሙሉ፤ ለአብዛኛው የኋላ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 የሚባለው የዘይት ደረጃ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ላለው ዲፈረንሻል ግን የካምቢዮው ዘይት ነው የሚሞላው፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፈጽሞ ሌላ ዘይት ነው። መተንፈሻው መጽዳቱን አረጋግጡ። ከዚያ ትንሽ ነድታችሁ ኑና እጃችሁን ወደ ፒኒየኑ አካባቢ አስጠጉ። ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፣ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል። በነጋታው ጠዋት ሥሩ ካርቶን አንጥፋችሁ እዩ፤ ከገጠማ የተረፈ ግራሶ አንድ ሁለት ጠብታ ሊኖር ይችላል፣ በሦስተኛው ቀንም ካለ ፍላንጁን እንደገና አስወጥታችሁ አንገቱን በጥፍር ፈትሹት።